ሻጋታ ጥንዚዛን ይገድላል

በድሬዳዋ ዙሪያ ጎመን፣ ቲማቲምና በርበሬ የሚያለማ ሰው ጠላት አለው። ጥንዚዛ ነው። ጥንዚዛ ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል። ቅጠሉ ካለቀ ተክሉ በምን ያድጋል? ከፊራ ገበያ የሚወጣው ጎመንም ገዢ ያጣል።

ብዙዎቻችን መርዝ እንረጫለን። መርዝ ግን ጥንዚዛውን ብቻ አይነካም። ንብ ይገድላል። ጎመኑ ላይ ይቀራል። የመርዙ ዕቃ ታጥቦ ውኃ ከተቀዳበት ደግሞ ልጆቻችንን ይጎዳል።

ታዲያ ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። ሻጋታ ነው።

ሻጋታ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በኦቾሎኒና በእህል ላይ የሚወጣው ሰውን ሊመርዝ ይችላል። ነፍሳትን የሚገድሉት ሌሎች ናቸው። ሁለቱን እንወቃቸው፦ ቦቬሪያና ሜታራይዚየም ይባላሉ። በአፈር ውስጥ ይኖራሉ።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ከዱቄት የደቀቀ ዘራቸው በጥንዚዛው ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እርጥበት ሲያገኝ ይበቅላል። እንደ ሥር ያለ ክር አውጥቶ ቆዳውን ይበሳል። ገብቶ ውስጡን ይበላል። ጥንዚዛው በሳምንት ገደማ ይሞታል። እርጥበት ካለ በድኑ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ይለብሳል። ከዚያ አዲስ ዘር ይበተናል።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1879 ሜችኒኮፍ የተባለ ሊቅ በኦዴሳ አረንጓዴውን ሻጋታ በስንዴ ጥንዚዛ ላይ ሞከረ። በ2012 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የበረረ አውሮፕላን በአንበጣ መንጋ ምክንያት ማረፍ አቅቶት አዲስ አበባ አረፈ። በዚያው ዓመት ጎረቤታችን ሶማሊያ አንበጣን በሜታራይዚየም ተዋጋች።

በድሬዳዋ ግን አንድ ችግር አለ። የእኛ ፀሐይ የሻጋታውን ዘር ይገድላል። ደረቅ አየርም እንዳይበቅል ያደርገዋል። ስለዚህ የሚረጨው ማሳው ውኃ ከጠጣ በኋላ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ያን ጊዜ ንብም ቀፎዋ ገብታለች። የቅጠሉ ጀርባም ይረጭ፤ ጥንዚዛ እዚያ ይደበቃል። ሻጋታ የሚገድል መድኃኒት አብሮ አይደባለቅ። ዱቄቱ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ሲረጭ አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

ቤት የሻገተ ነገር በጥብጣችሁ አትርጩ። የተፈቀደ መድኃኒት መኖሩን የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ። እስከዚያው በማለዳ፣ ሙቀት ሳያነቃው፣ ጥንዚዛውን በእጅ ልቀሙ። ነጭ ሻጋታ የለበሰ ጥንዚዛ ማሳችሁ ላይ ብታገኙ አታንሱት። ለእናንተ እየሠራ ነው።

ጥያቄ

1. ጥንዚዛው ሻጋታውን ሳይበላ እንዴት ይሞታል?
2. ሻጋታው ለምን ጀምበር ስትጠልቅ ይረጫል?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤትም አንብቡለት።