አዲስ አስፋልት በአሮጌ ስንጥቅ ላይ፤ ለአንድ መንገድ ስንት ጊዜ ይከፈላል?

የአዲስ አበባን ገበያ የሚመግበው ጭነት አብዛኛው የሚገባው በደቡብ በኩል ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሳ ኮንቴይነር፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የወጣ ዕቃ፣ ከቢሾፍቱና ከአዳማ የተጫነ እህልና ዱቄት ብዙውን ጊዜ አቃቂ ቃሊቲን ሳይረግጥ መርካቶ አይደርስም። የክፍለ ከተማው ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የጉምሩክ ግቢም በበኩላቸው ከባድ መኪና ይጠራሉ። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የአዳማ ፈጣን መንገድ በ2006 ዓ.ም. ቢመረቅም፣ ክፍያ የማይጠየቅበት አሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ሥራ አልፈታም። ስለዚህ በዚህ በኩል ያለ አስፋልት ሲሰነጠቅ ጉዳዩ የመሐንዲስ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በባሌስትራ፣ በጎማና በነዳጅ በኩል ዞሮ ኩንታሉ ዋጋ ውስጥ ይገባል።

አሽከርካሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የተጎዳ መንገድ ይታደሳል፤ ጥቁርና ለስላሳ አስፋልት ይነጠፍበታል፤ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ አሮጌው ስንጥቅ በነበረበት ቦታ፣ የነበረውን ቅርፅ እንደያዘ፣ ብቅ ይላል። ይህን ያየ ሰው ሬንጁ ተሰርቋል ብሎ ይደመድማል። አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ከስርቆት ይልቅ ተራ ነው። አዲሱ ንጣፍ የተነጠፈው ከሥሩ ያለው ችግር ሳይነካ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው አስፋልት ስንጥቁ ላይ ሁለት ቁራጭ ሆኗል። የጭነት መኪና ሲያልፍበት መጀመሪያ የተረገጠው ቁራጭ ዝቅ ይላል፤ ሌላኛው ባለበት ይቆያል። ቀጥሎ ተራው ይገለበጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሁለቱም ይኮማተሩና ክፍተቱ ይሰፋል። ከላይ ያለው አዲስ ንጣፍ ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ እንዲሸከም ይገደዳል፤ ከታች ወደ ላይም እየተቀደደ ይመጣል። በሙያው ውስጥ የተለመደ ግምት አለ፤ ስንጥቁ በዓመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይወጣል ይባላል። በዚህ ሂሳብ 5 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ ስንጥቁን ሸፍኖ የሚያቆየው ሁለት ዓመት ያህል ነው። የጭነቱ ብዛትና የአየሩ ጠባይ ሊያፈጥነው ወይም ሊያዘገየው ይችላል።

መረሬው

የአቃቂ ሜዳ ሰፊው ክፍል ጥቁር መረሬ ነው። ገበሬ ጤፍና ሽምብራ ስለሚያበቅልለት ይወደዋል፤ መንገድ ሠሪ ይፈራዋል። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ከመንገዱ መሐል ሥር ያለው አፈር በአስፋልቱ ስለተሸፈነ እርጥበቱ እምብዛም አይለዋወጥም። ጠርዙ ግን ዓመት በዓመት ከፍ ዝቅ ይላል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ረጅም ስንጥቅ የሚበዛውም ለዚህ ነው። ዳር ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ካለ ነገሩ ይብሳል፤ ሥሩ በበጋ የቀረችውን እርጥበት ይመጥጣታል። ለጥላና ለማገዶ የተተከለ ዛፍ አስፋልት ይሰነጥቃል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

መንገዱ ገና ሲሠራ ቢሆን መድኃኒቱ የታወቀ ነው። መረሬው ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካል፣ ወይም ከኖራ ጋር ተደባልቆ ጠባዩ እንዲረጋ ይደረጋል። ቀድሞ ያለን መንገድ ለማደስ ግን ሁሉን ቆፍሮ ማውጣት ዋጋው አይቀመስም። ባለ አነስተኛ በጀት ሊያደርገው የሚችለው ውኃውን ማራቅ ነው። የመንገዱ ዳር አፈር እንደሆነ እንዳይቀር መሸፈን፣ ቦዩን ከመንገዱ አርቆ መቅደድና ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። በሃይላንድ ጠርሙስና በፌስታል የተደፈነ ቦይ ዳር አዲስ አስፋልት ማንጠፍ ግን ለሚቀጥለው ክረምት ሥራ ማዘጋጀት ነው።

ለውኃ ቱቦ ወይም ለስልክ መስመር ተብሎ የሚቆረጠው አስፋልትም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ጉድጓዱ በደንብ ሳይጠቀጠቅ በላላ አፈር ከተሞላ፣ የተቆረጠበት መስመር ሁለቱም ጠርዝ ለውኃ በር ይሆናል።

ጭነቱ

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ ላይ ተመሥርቶ ዛሬም የሚሠራበት አንድ ስሌት አለ። አክሰሉ ላይ ያለው ጭነት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሁለት እጥፍ ሳይሆን በ16 እጥፍ ገደማ ያድጋል። 10 ቶን ሊይዝ የሚገባው አክሰል 13 ቶን ከተጫነበት ጉዳቱ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ባለ ተሳቢው በትርፍ ቶኑ የሚያገኘው ኪራይ ኪሱ ይገባል፤ የስንጥቁን ዋጋ የሚከፍለው ግን ኋላው የሚመጣው ሁሉ ነው፣ ባለ ታክሲውንም ጨምሮ። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የምንማረው የወጪ ማሸጋገር ምሳሌ ከዚህ የተሻለ አይገኝለትም።

ሂሳቡ

ለመሆኑ ንጣፉ ከመደረጉ በፊት ምን ቢሠራ ስንጥቁ ይቆማል? ጨርሶ ማቆም ይከብዳል፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀው ቦታ እስከ መሠረቱ ተቆርጦ ወጥቶ እንደገና ይሞላል። የላላው የላይ ክፍል ይፋቃል። ነጠላ ስንጥቆች ተጠርገውና ደርቀው በሬንጅ ይሞላሉ። ከዚያ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል እንቅስቃሴውን የሚውጥ ነገር ይገባል፤ ጎማ የተቀላቀለበት ሬንጅና ጠጠር፣ ጨርቅ ወይም መረብ መሰል ንጣፍ፣ አለዚያም የተፈጨ ድንጋይ። መረቡን ሻጮቹ የሁሉ መድኃኒት አድርገው ያቀርቡታል። ተሽከርካሪ ሲያልፍበት ከፍ ዝቅ የሚል ቁራጭ ላይ ግን መረብ ብዙ አይጠቅምም፤ ቁራጩ መጀመሪያ ከሥሩ መጠገን አለበት። ሌላው መንገድ አሮጌውን አስፋልት ከነመሠረቱ ፈጭቶ በሲሚንቶ ወይም በሬንጅ አጠናክሮ መልሶ መጠቅጠቅ ነው። ይህ ስንጥቁን ከነሥሩ ያጠፋዋል፤ ሲሚንቶው ከበዛ ግን መሠረቱ ራሱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ለስሌት ያህል ብቻ አንድ ኪሎ ሜትር ማንጠፍ 100 ብር ነው እንበል። ንጣፉ በሦስት ዓመት ከተበላሸ መንገዱ በዓመት 33 ብር በላ ማለት ነው። ለዝግጅቱ 20 ብር ተጨምሮ አሥር ዓመት ከቆየ ግን በዓመት 12 ብር ይሆናል። ሬንጁ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ መሆኑ ሲታሰብ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።

ታዲያ የሚያዋጣው ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ለምን አይሠራም? አንደኛው ምክንያት ሪፖርት ነው። የተነጠፈ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል፣ ይመረቃል፤ የተሞላ ስንጥቅ ሪባን አይቆረጥለትም። ሁለተኛው ውሉ ነው። በብዙ የመንገድ ውሎች የተለመደው ጉድለት የማረም ኃላፊነት አንድ ዓመት ነው። ከሥር የሚመጣው ስንጥቅ ወደ ላይ ለመድረስ ሁለት ዓመት ከፈለገ፣ ብቅ በሚልበት ቀን ተቋራጩ ዋስትናውን አስመልሶ ሄዷል። ውል ሰጪው መሥሪያ ቤት ጊዜውን ወደ ሦስት ዓመት ቢያራዝም ተጫራቾች ዋጋ እንደሚጨምሩ አያጠራጥርም። ያ ጭማሪ ግን ዛሬ የተደበቀውን ወጪ በጨረታ ሰነድ ላይ ያወጣዋል።

ሦስተኛው የበጀት ዓመት ነው። ስንጥቅ የሚሞላው መንገዱ ደረቅ ሲሆን፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው፤ ከሚያዝያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ፣ የበልጉ ዝናብ ፋታ በሚሰጥባቸው ቀናት። የመንግሥት በጀት ግን የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ያን ዕለት መረሬው ውኃ መጠጣት ጀምሯል፣ በግንቦት ያልተሞላው ስንጥቅም እያጠጣው ነው። ጨረታው ወጥቶ ሥራው ሲጀመር በጋው ይጋመሳል፤ እስከዚያ መስመር የነበረው ስንጥቅ ጉድጓድ ይሆናል። የአንድ በርሜል ሬንጅ ሥራ የነበረው የአንድ ንጣፍ ሥራ ይሆናል።