ስንቁን የጫነ ብስክሌት

ሞርተንሩድ የኦስሎ ምድር ባቡር የመስመር 3 መጨረሻ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከባቡሩ ስንወርድ አንዲት ወጣት ለየት ያለ ብስክሌት እየገፋች አለፈችን፤ መሪው እንደ ቀንድ ወደ ፊት የወጣ፣ የኋላ ጎማው ሽቦ የሌለው፣ እንደ ምጣድ ድፍን። አብረውኝ የነበሩት አዛውንት ጎረቤቴ በወጣትነታቸው ብስክሌት ይወዳደሩ ነበርና «ይቺማ የክሮኖ ናት» አሉ።

«አይደለችም ጋሼ፣ የትሪያትሎን ናት።»

«በምን ለየሃት?»

በስንቋ ነው የለየኋት። ክሮኖ፣ እያንዳንዱ ጋላቢ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት ውድድር፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነው ጽጋቡ ግርማይን የመሰለ ጋላቢ፣ ጎማው ቢፈነዳ ከኋላው የሚከተለው የቡድኑ መኪና ሌላ ብስክሌት ያወርድለታል። በረጅሙ ትሪያትሎን ግን 3.8 ኪሎ ሜትር ተዋኝቶ፣ 180 ተጋልቦ፣ ገና 42.2 ይሮጣል፤ የፈነዳውንም የሚጠግነው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ውሃው በክንዶች መሃልና ከኮርቻው ኋላ፣ ምግቡና መለዋወጫ ከመነዳሪው ፍሬሙ ውስጥ ባለ ሳጥን ይጫናል።

ኮርቻውም ወደ ፊት ይጠጋል። ጋላቢው አጎንብሶም ዳሌው ብዙ አይታጠፍም፤ ወርዶ መሮጥ እንዳለበት ታስቦ ነው። የክሮኖውን ግን የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር ደንብ ይይዘዋል፦ ክብደቱ ከ6.8 ኪሎ አያንስም፤ የኮርቻው ጫፍም ለረጅም ዓመታት ከፔዳሉ እምብርት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ እንዲሆን ይገደድ ነበር። ረጅሙ ትሪያትሎን በዚህ ስለማይታሰር ፋብሪካዎቹ እንዳሻቸው ይሆናሉ። በ2016 የወጣው ሰርቬሎ ፒ5ኤክስ ኮርቻውን ከኋላ ጎማ የሚያያይዙት ቀጫጭን ቧንቧዎች ጭራሽ የሉትም።

ድፍኑ ጎማ ግን ምልክት አይሆንም፤ ክሮኖም ይጠቀምበታል። እንዲያውም አይረንማን የሚባለው የረጅሙ ትሪያትሎን ውድድር መናኸሪያ በሆነችው በሃዋይዋ ኮና በነፋሱ ምክንያት የተከለከለ ነበር፤ ኖርዌጂያዊው ጉስታቭ ኢደን በ2022 በ7:40:24 ያሸነፈው እዚያ ነው። ያገሩ ልጅ ክርስቲያን ብሉመንፌልት ደግሞ በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክን ወርቅ የወሰደው በተራ የጎዳና ብስክሌት ነበር። በኦሊምፒኩ አጭር ውድድር በቡድን ተጠጋግቶ መጋለብ ስለሚፈቀድ እነዚያ ቀንዶች አደጋ ናቸው።

ጋሼ እስከ ደረጃው ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«እኛ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሙዙን በኪሳችን ነበር የምንይዘው።»