ጋቢውን ያልለበሰ አዛሊያ

«አዛሊያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይችላል፤ የአዲስ አበባ ብርድ ምኑ ነው?» የሚለው ወሬ ለአበባ ሻጭ ይመች ይሆናል እንጂ ተክሉን አያድንም። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ክረምት ከበጋ ቅጠላቸው ከማይረግፍ የጃፓንና የኮሪያ ዘሮች መካከል ጠንካሮቹ እዚያ ድረስ ይዘልቃሉ። ስሕተቱ ቁጥሩን አብሮ እንደተወለደ ባሕርይ ማየት ነው። ብርድ መቻል ተክሉ በየዓመቱ የሚለብሰውና የሚያወልቀው ጋቢ ነው፤ ያንኑ ተክል ለምለም ቀንበጥ በሚያወጣበት ወራት ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ያለ ውርጭ ያቃጥለዋል።

በሰሜኑ ዓለም ቀኑ ሲያጥር፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ለኪ ፕሮቲን የሌሊቱን መርዘም ያውቃል፤ እድገት ይቆማል። ቅዝቃዜው እያየለ ሲሄድ ስኳር በሕዋሱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የሕዋሱ ሽፋን ቅባትም በብርድ እንዳይደድር ሆኖ ይለወጣል። እንዲህ የተዘጋጀ ሕዋስ ውርጭ ሲመታው ውሃውን ወደ ውጭ ይለቅቃል፤ በረዶው በሕዋሳቱ መካከል ይሠራል እንጂ ውስጣቸውን አይበጣጥስም። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢበርድም ቀትሩ ከ20 ዲግሪ ያልፋል። ቅዝቃዜ ብቻውን ጥቂት እንደሚያጠነክር፣ ዘር ከዘርም እንደሚለያይ አልክድም፤ ግን የተሟላው ዝግጅት ከዚህ አይገኝም።

«የስሜን ተራሮቹ አስታስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አስታ የአዛሊያ ቤተሰብ ነው፣ ቅጠሉም አይረግፍም፣ የሚኖረውም ቀኑ ብዙም በማያጥርበት አገር ነው። ነገር ግን በዚያ ከፍታ የሌሊት ውርጭ ወቅት ስለማይጠብቅ አስታም አይጠብቅም፤ መካከለኛ ጥንካሬ ይዞ ዓመቱን ይዘልቃል።

ስለዚህ ልደታ ማርያም አካባቢ አዛሊያ በማሰሮ የተከለ ሰው ከጥቅምት ጀምሮ ዩሪያ ባይሰጠው ይሻላል፤ ማዳበሪያው ለስላሳ ቀንበጥ ያስወጣል። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት በጨርቅ መሸፈን ይበቃል። ሥር ከግንድ ይልቅ ለብርድ ስስ ነውና ማሰሮውም ወደ ግድግዳ ይጠጋ። መሬት ላይ የሚተክል ግን ከውርጭ በፊት ዋልካውን ያስብ፤ አዛሊያ ኮምጣጣና ውሃ የማይቋጥር አፈር ይወዳል፣ ፀጉር መሳይ ሥሩም በሐምሌ ዝናብ ታፍኖ ከበሰበሰ ታኅሣሥን አያይም።