ከግድቡ እስከ ሶኬቱ፦ የላፕቶፕ ባትሪ አያያዝ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ ተጣለ፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በ13 ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ የሚገኘው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ነው። ይሁንና ኃይል የሚመነጭበት አገር መሆንና የማይቆራረጥ መብራት ማግኘት ለየቅል ናቸው። ከግድቡ የሚነሳው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ ያቀናል። አሶሳ ከብሔራዊው ቋት ጋር የምትገናኘው ደግሞ በመንዲ በኩል በሚመጣ ረጅም መስመር ነው። ረጅም መስመር ላይ ዛፍ ይወድቃል፣ መብረቅ ይመታል፤ ጸጥታ ሲደፈርስ ደግሞ የጥገና ሠራተኛ እንደልቡ አይደርስም።

ስለዚህ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የወረዳ ባለሙያ፣ በሸርቆሌ ወይም በባምባሲ የስደተኞች መጠለያ የሚሠራ መዝጋቢ ላፕቶፑን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የባትሪውን ምልክት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በበይነ መረብ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ጉዳዩ ተማሪውንም ይመለከታል።

ስለ ባትሪ የሚሰጡ ምክሮች በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራሉ። አንደኛው፦ ዛሬ ስንት ሰዓት ያሠራኛል? ሁለተኛው፦ ስንት ዓመት ያገለግለኛል? የሁለቱ መልስ ብዙ ጊዜ ይጋጫል። አብዛኛው ምክር የተጻፈው መብራት ለማይጠፋባቸው ከተሞች በመሆኑ ደግሞ ለሁለተኛው ጥያቄ ያደላል። እዚህ ግን ሁለቱንም አስታርቆ መኖር ግድ ነው።

ባትሪው ውስጥ ያለው

የዛሬ ላፕቶፖች የሚሠሩበት የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ ኩባንያ ነው። መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ከዚያ በፊት የነበሩት የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች አልፎ አልፎ ካልተሟጠጡ አቅማቸው ይወርድ ነበር። «ባትሪውን እስኪጠፋ ተጠቀሙበትና ከዜሮ ሙሉት» የሚለው፣ እስከ ዛሬ በጥገና ቤቶች የሚሰማው ምክር የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ሊቲየም አዮን ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ደጋግሞ እስከ ዜሮ መውረድ ይጎዳዋል፣ ጥቂት ወርዶ መልሶ መሞላት ይስማማዋል።

አንድ ዑደት የሚባለው የባትሪው አቅም በድምሩ 100 ከመቶ ሲወጣ ነው። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን የተጠቀመ ሰው የጨረሰው አንድ ዑደት ብቻ ነው። እንደ ባትሪው ጥራት ከ300 እስከ 1,000 ዑደት ሲያልፍ አቅሙ ከአዲስነቱ ወደ 80 ከመቶ ገደማ ይወርዳል።

ሌላው ቁም ነገር የመጨረሻው ሙሌት ነው። የአንድ ሴል ቮልቴጅ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። በ4.1 ቢቆም በአንድ ጊዜ የሚገኘው ሰዓት ይቀንሳል እንጂ የዑደቱ ብዛት ወደ እጥፍ ይጠጋል። አምራቾች ሙሌቱን የሚገድብ ምርጫ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። በሌኖቮ «ኮንሰርቬሽን ሞድ»፣ በኤችፒ ባዮስ ውስጥ ደግሞ «ባትሪ ሄልዝ ማናጀር» ይባላል።

ዋናው ጠላት ሙቀት

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከጉባና ከኩርሙክ ቆላ ይሻላል። በጉባ ግን ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። በአሶሳም ቢሆን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ከደጁ ይብሳል።

በዘርፉ ዘወትር የሚጠቀስ አንድ ሠንጠረዥ ልዩነቱን ያሳያል። 40 ከመቶ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ 96 ከመቶ አቅሙ ይቀርለታል። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በ40 ዲግሪ የከረመው ግን ወደ 65 ከመቶ ይወርዳል። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ሥራ አልሠሩም። ሙሌትና ሙቀት ሲደመሩ ባትሪው ሳይነካ ያረጃል ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። ላፕቶፕ በፍራሽና በብርድ ልብስ ላይ አይሠራበትም፤ የአየር መውጫው ይታፈናል። ቀርከሃ ለሞላበት ክልል ሥሩ አየር የሚያሳልፍ ማስቀመጫ መሥራት አይከብድም። በመኪና ውስጥ፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር መተው ክልክል ነው። ከመስክ የመጣ ላፕቶፕም ትኩስ እንደሆነ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ጥላ ውስጥ ቢቀዘቅዝ ይመረጣል።

የዛሬዋን ሰዓት ማርዘም

የባትሪ አቅም የሚለካው በዋት ሰዓት ነው፤ ቁጥሩ ከባትሪው ጀርባ ተጽፏል። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ጽሑፍ ብቻ እየተጻፈበት 10 ዋት ቢፈጅ 5 ሰዓት ያሠራል። ቪዲዮ፣ ደማቅ ስክሪንና በርካታ የተከፈቱ የብራውዘር ገጾች ፍጆታውን ወደ 25 ዋት ቢያደርሱት 2 ሰዓት ብቻ ይቀራል።

ትልቁ ፈጂ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ነው፤ ብርሃኑን ወደ ግማሽ ማውረድ ወዲያው ይታወቃል። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ይመጣል። ከጀርባ የሚሠራ አፕዴት፣ የቫይረስ ፍተሻና የፋይል ማመሳሰል መብራት ባለበት ሰዓት ቢያልቁ ይሻላል። ደካማ ኔትወርክ የሚፈልግ ዋይፋይም ኃይል ይበላል፤ ኢንተርኔት የማያስፈልገው ሥራ ላይ «ኤርፕሌን ሞድ» ማብራት ይጠቅማል። ሥራው ሲያልቅ ላፕቶፑ ላይ የተረሳ ፍላሽ፣ ማውዝና የኢንተርኔት ዶንግልም ይነቀሉ።

ኮምፒዩተርና ስርዓተ ክወናው ስለ ኃይል የሚነጋገሩበት «ኤሲፒአይ» የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1996 በኢንቴል፣ በማይክሮሶፍትና በቶሺባ ወጣ። «ስሊፕ» እና «ሃይበርኔት» የሚባሉት ምርጫዎች የሚመሩት በዚህ ነው። ስሊፕ ሥራውን በራም ስለሚይዝ በትንሹም ቢሆን ባትሪ መብላቱን ይቀጥላል። ሃይበርኔት ግን ሁሉንም ወደ ዲስክ ገልብጦ ማሽኑን ያጠፋል። መብራት ጠፍቶ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ቀን፣ ከስሊፕ ይልቅ ሃይበርኔት ያልተቀመጠ ጽሑፍ ያድናል።

መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ

ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራት በጠፋበት ሰዓት ሳይሆን በተመለሰበት ቅጽበት ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የ220 ቮልቱ መስመር ቢዳከምም ይሠራል። ድንገተኛ ከፍታን ግን ብዙ አይችልም። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ወጪ የሌለው መከላከያ ነው። ብዙ ማሽን ያለው ቢሮ ስታቢላይዘር ቢኖረው ይመረጣል። ዩፒኤስ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ባትሪ ለሌለው ዴስክቶፕና ለኢንተርኔት ራውተር ነው፤ ላፕቶፑ የራሱን ዩፒኤስ ተሸክሞ ይዞራል።

ሶላርና ፓወር ባንክ

ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ያሻሻለችው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከሕዝቡ 35 ከመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ ባሉ አማራጮች ለመድረስ አቅዶ ነበር። በቤኒሻንጉል ገጠር ሶላር የብዙ ቀበሌዎች ብቸኛ አማራጭ ነው። ከሶላር ላፕቶፕ የሚሞላ ሰው ብዙ ጊዜ በኢንቨርተር ወደ 220 ቮልት ያሳድገዋል፤ ቻርጀሩ መልሶ ወደ 20 ቮልት ያወርደዋል። በሁለቱም ጉዞ ኃይል ይባክናል። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ላፕቶፕ ከሶላሩ ባትሪ ቀጥታ በመኪና ቻርጀር ቢሞላ ይህ ብክነት ይቀንሳል።

ፓወር ባንክ ሲገዛ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አያታልል። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ብክነቱ ሲቀነስ 60 ገደማ ይቀራል፤ አንድን ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ቢሞላ ነው። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ለሚጓዝ ሰው ሌላም ደንብ አለ፦ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዛል፣ ከ100 ዋት ሰዓት ከበለጠም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

የኃይል እጥረትን ከጅምሩ አስቦ የተሠራ ላፕቶፕም ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተባለው ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭና አረንጓዴ «ኤክስኦ» ላፕቶፖች ለትምህርት ቤቶች ታደሉ። ስክሪኑ በፀሐይ ላይ የጀርባ ብርሃን ሳያስፈልገው ይነበባል፤ ሕፃኑ ገጹን እያነበበ ፕሮሰሰሩ ይተኛል። ሐሳቡ ባትሪ ከማሳደግ ይልቅ ፍጆታን መቀነስ ነበር። ዛሬ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰውም ከባትሪው መጠን በፊት የፕሮሰሰሩን ፍጆታ ቢጠይቅ ያተርፋል።

ያገለገለ ሲገዛ

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሻጩ «ባትሪው አሪፍ ነው» ቢለውም ማስረጃ ይጠይቅ። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት «ፓወርሲኤፍጂ» የሚለው ትእዛዝ ከ«ባትሪሪፖርት» ጋር ሲጻፍ አንድ ገጽ ያወጣል። እዚያ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይነጻጸራሉ፦ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው። 50 ዋት ሰዓት የነበረው 30 ከሆነ የአምስቱ ሰዓት ሥራ ሦስት ሆኗል፤ ዋጋውም በዚያ ልክ ይውረድ። ያበጠ ባትሪ ግን ለድርድር አይቀርብም፤ አይወጋ፣ አይጫን፣ ቻርጅ አይደረግ፣ በባለሙያ ይነቀል።

የሁለቱ ጥያቄዎች መታረቂያ

«ባትሪህን ከ80 ከመቶ በላይ አትሙላ» የሚለው ምክር በኬሚስትሪው ትክክል ነው፤ በአሶሳ ግን እንዳለ ቢወሰድ መብራት በጠፋ ቀን አንድ ሰዓት ሥራ ያሳጣል። ባትሪውን የሚጎዳው ለአፍታ ሙሉ መሆኑ ሳይሆን ሙሉ ሆኖ ሲሞቅ መዋሉ ነው። ስለዚህ ሙሌቱ በቀጠሮ ይሁን። ማሽኑ ከቢሮ ጠረጴዛ የማይነሳ ሠራተኛ ገደቡን 80 ላይ ያድርግ፤ መብራት መቆራረጥ ሲጀምር ያንሳው። ወደ ኩርሙክ ወይም ወደ ጉባ መስክ የሚወጣ ባለሙያ በመነሻው ዋዜማ ማታ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ እስከ 100 ይሙላ። ለክረምት ዕረፍት ላፕቶፑን ዘግቶ የሚሄድ መምህር ደግሞ ግማሽ አድርጎት ያስቀምጠው። መብራቱ እስኪስተካከል ድረስ ባትሪውን በየቀኑ ሥራ መሠረት መሙላት ዛሬም ያሠራል፣ ዕድሜውንም ይጠብቃል።