ድንጋይ የሚያነሳ እጅ

ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ጠዋት ዓሣ ከጀልባ ሲወርድ፣ አባ ኮዳ ዓሣ ከሚያጸዱት ሰዎች አጠገብ ቆሞ የሆድ ዕቃ ይጠብቃል። ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር የሚደርሰው ይህ ራሰ በራ ወፍ ቢላውን ከቁብ አይቆጥረውም። ልጅ ለድንጋይ ጎንበስ ሲል ግን ያፈገፍጋል። ጎብኚ ደፋር ይለዋል፤ እኔ የተማረ ብለው ይቀለኛል። የትኛው እጅ እንደሚያበላ፣ የትኛው እንደሚመታ ለይቷል። እንዲህ ያለውን ትምህርት ከሚያጸኑት ነገሮች አንዱ የጭንቀት ሆርሞን ነው።

አደጋ ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው አድሬናሊን ነው። በሰከንዶች ውስጥ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ለሽሽት ይዘጋጃል። ሁለተኛው መልእክት ዘገምተኛ ነው፤ ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ተነስቶ ኩላሊት አጠገብ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ጋ ሲደርስ ኮርቲኮስትሮን ይለቀቃል። (መረብ ውስጥ የሚንፈራገጠው ቆሮሶ፣ ዛፉ ላይ ያለው ጦጣና ዓሣ አጥማጁ ራሱ በዋናነት የሚያመነጩት የቅርብ ዘመዱን ኮርቲሶልን ነው።) ተመራማሪዎች ወፍ እንደያዙ በ3 ደቂቃ ውስጥ ደም ለመቅዳት የሚጣደፉት ከዚያ በኋላ መጠኑ ስለሚያሻቅብ ነው። በ3 ደቂቃ ደግሞ ድንጋዩ ወይ መትቷል ወይ ስቷል። ታዲያ ዘግይቶ የሚመጣ ሆርሞን ምን ይሠራል?

አንዱ መልስ የተገኘው ከተፈለፈሉ ገና አንድ ቀን ከሆናቸው ጫጩቶች ነው። ካርመን ሳንዲና ስቲቨን ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ጫጩቶቹ መራራ ፈሳሽ የተቀባ ዶቃ እንዲነቁሩ ተደረገ። አንዴ የቀመሰች ጫጩት ዶቃውን ትሸሻለች፤ ምሬቱ ደካማ ከሆነ ግን በማግስቱ ረስታ ትመለስበታለች። ኮርቲኮስትሮን የተሰጣቸው በደካማው ምሬትም በማግስቱ አልረሱም። መጠኑ ሲበዛ ግን ጥቅሙ ጠፋ።

በአይጦች ላይ ሆርሞኑ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ቢሰጥም ይሠራል፤ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከተጎዳ ግን አይሠራም። ሥራው እንግዲህ ፍርሃትን መፍጠር ብቻ አይደለም፤ የደረሰውን ነገር ያትማል። ፍርሃትን መተውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነውና እዚያም ይሳተፋል፤ ቢላ በየጠዋቱ ያለ ጉዳት ሲያልፍ ይህም ይጸናል። ጭንቀቱ ለሳምንታት ሲዘልቅ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቦታንና ሁኔታን የሚለየው ሂፖካምፐስ ይዳከማል፣ እንስሳውም ደህናውን ከአደገኛው መለየት እያቃተው ሁሉንም መሸሽ ይጀምራል።

የአባ ኮዳን እርጋታ ሁሉ ለልምድ መስጠት ግን ችኮላ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ከጀርመኗ ሙኒክ ከተማና ከጫካ የተወሰዱ ብላክበርድ የሚባሉ ወፎች ጫጩቶች በአንድ ዓይነት ሁኔታ በሰው እጅ አደጉ። ካደጉ በኋላ ተይዘው ሲለካ፣ የከተማዎቹ ኮርቲኮስትሮን የጫካዎቹን ያህል አልጨመረም። ድንጋይ የወረወረባቸውም፣ ዓሣ የጣለላቸውም አልነበረም፤ ልዩነቱን ይዘው የመጡት ከእንቁላሉ ወይም ከጎጆው ነው።