ጎምዛዛው ካባ

አክስቴ ፊቷን የምትታጠበው በልብስ ሳሙና ነው። የገላ ሳሙና ቤት ውስጥ ጠፍቶ አይደለም፤ «ካልወጠረኝ የታጠብኩ አይመስለኝም» ትላለች። ታጥባ ስትወጣ ጉንጯ እንደ ወረቀት ደርቆ፣ በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ አመድ የመሰለ ቅርፊት ጣል ጣል ብሎ ይታያል። ለእሷ ያ የንጽሕና ምልክት ነው። የሚወጥራት ነገር ምን እንደሆነ ላሳያት ብዬ አንድ ቅዳሜ ከኬሚስትሪ አስተማሪ ጓደኛዬ ጥቂት የመለኪያ ወረቀቶች ተቀብዬ ሄድኩ።

የሳሙናውን አረፋ የነካው ወረቀት ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ሎሚ የተጨመቀበት ቀላ። ከጠዋት ጀምሮ ሳሙና ባልነካው ክንዷ ላይ ጠብታ ውሃ አድርጌ የለጠፍኩት ደግሞ ወደ ቢጫ አደላ። «እኔ ወደ ሎሚው ነኝ ማለት ነው?» አለች። አዎ፣ ወደ ሎሚው ናት። የሁላችንም ቆዳ ላዩ ጎምዛዛ ነው።

ወረቀቱ የሚለካው ፒኤች የሚባለውን ነው። ይህን መለኪያ በ1909 ያስተዋወቀው ሶረን ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ ኬሚስት ሲሆን፣ ይሠራ የነበረው ኮፐንሃገን ውስጥ የካርልስበርግ ቢራ ጠማቂዎች ባቋቋሙት ቤተ ሙከራ ነው። 7 መሐሉ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካሊ። ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ያለው ልዩነት ግን 10 እጥፍ ስለሆነ፣ ከ5 እስከ 9 ያለው ርቀት 10,000 እጥፍ ይሆናል። ደማችን 7.4 ገደማ ነው። የቆዳችን ላይኛ ገጽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ በ2006 የወጣ ጥናት እንደገመተው፣ ሳሙናና ቅባት ሳይነካው የዋለና ያደረ የክንድ ቆዳ በአማካይ 4.7 ገደማ ነው። ተራ ሳሙና 9 እና 10 ላይ ይቀመጣል።

ይህን ጎምዛዛ ሽፋን በ1928 «የአሲድ ካባ» ብለው የሰየሙት ሻደ እና ማርኪዮኒኒ የተባሉ ሁለት የጀርመን ሐኪሞች ናቸው። ካባው ከምን ይሠራል? አንዱ ምንጭ ላብ ነው፤ በላብ ውስጥ ያለው ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። ሌላው ወዝ ነው፤ ቆዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወዙን ሲሰባብሩት አሲዶች ይወጣሉ። በላይኛው ንብርብር ላይ የሚፈራርሱ ፕሮቲኖችም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። «ላቡን ወዙን አፍስሶ» ስንል የምንጠራቸው ሁለቱ ነገሮች የካባው ድርና ማግ መሆናቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጤናው የተሟላ ሰው ፊቱ ወዝ አለው እንላለን፤ የታመመውን ወዙ ጠፍቷል። ቋንቋው ነገሩን ከሐኪሞቹ ቀድሞ አይቶታል።

ጎምዛዛነት ለምን ይጠቅማል? ወተት ሳይፈላ ከተቀመጠ ይበላሻል፤ እርጎ ሲሆን ግን ይቆያል፤ ኮምጣጣው ብዙ ተባይ አያስጠጋም። ቆዳም እንዲሁ ነው። በአሲድ ውስጥ የለመዱት ነባር ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል፣ ቁስል የሚያመግለው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ግን ወደ 7 ሲጠጋ ነው የሚፋፋው። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ጥገናው ነው። የቆዳችን ላይኛ ሽፋን እንደ ድንጋይ ካብ ነው፤ በድንጋዮቹ መሐል ምርጊት ሆኖ የሚሞላው ስብ ነው። ስቡን የሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች በደንብ የሚሠሩት 5 አካባቢ ነው። ያረጁ ሕዋሳትን ከካቡ የሚያላቅቁት ኢንዛይሞች በአንጻሩ ፒኤቹ ከፍ ሲል ይበረታሉ። እንግዲህ ፒኤቹ ሲወጣ ምርጊቱ ይቀንሳል፣ ማላቀቁ ይፈጥናል፤ ውሃው ይተናል፣ ቆዳው በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል። በአክስቴ አፍንጫ ዳር የሚታየው አመድ ይሄ ነው።

አልካሊ ቆዳን ምን እንደሚያደርግ በትልቁ ማየት የሚፈልግ የቆዳ ፋብሪካ ይግባ። ጥሬው ቆዳ ፒኤቹ 12 ገደማ በደረሰ የኖራ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ያብጣል፣ ፀጉሩም ይለቃል። ሳሙና እንደ ኖራ አይከፋም፤ ግን አቅጣጫው አንድ ነው።

ጤነኛ ቆዳ ከታጠበ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካባውን መልሶ ይለብሳል። ችግሩ ሳይለብስ ደግሞ ሲታጠብ ነው፤ በተለይ በሽማግሌዎች፣ ኤግዚማ ባለባቸውና በሕፃናት ላይ።

የሕፃናቱ ነገር ያሳስበኛል። አዲስ የተወለደ ልጅ ቆዳው ወደ 7 የቀረበ ነው፤ ካባውን የሚሸምነው በሚቀጥሉት ቀናትና ሳምንታት ነው። ሲወለድ የሚሸፍነው አይብ የመሰለ ነጭ ቅባት ብዙ ቤት እንደ ቆሻሻ በሳሙና ይፈገፈጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ገላ መታጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲዘገይ ይመክራል። የሽንት ጨርቅ ቆዳቸውን ማቅላቱም ከዚሁ ጋር ይገናኛል፤ ሽንት ሲቆይ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፣ አሞኒያ አልካሊ ነው፣ ያኔ በሰገራ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ነቅተው ቆዳውን ይበሉታል። ቶሎ ቶሎ መቀየርን የሚተካ ቅባት የለም።

ሎሚስ? አክስቴም ጠየቀችኝ። ሎሚ 2 ገደማ ነው፤ አሲድነቱ ከቆዳችን በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ የመታው ፊት ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል። ካባው ከውጭ አይጨመርም፤ አለማውለቅ ነው ሥራው። ደግሞ በሳሙና ውሃ ውስጥ ሎሚ ጠብ አድርጌ አሳየኋት፤ አረፋው ጠፋ፣ ውሃው እንደ ረጋ ወተት ተቆራረጠ። ሳሙና አሲድ ሲነካው ወደ ስብ አሲድ ይለወጣል። ስለዚህ «ፒኤች 5.5» ተብሎ የተጻፈበት ማጠቢያ በስብና በኮስቲክ ሶዳ የተሠራ ሳሙና ሊሆን አይችልም፤ ሌላ ዓይነት ማጽጃ ነው። ለደረቀ ወይም ለሚቆጣ ቆዳ የሚሻለውም እሱ ነው።

እጅ ግን በሳሙና ይታጠባል፤ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡም፣ ምግብ ከመንካት በፊትም፣ ምንም ድርድር የለውም። ሲደርቅ ቫዝሊን ይቀባል። ብብት፣ ብሽሽትና የእግር ጣቶች መሐልም ሳሙና ይገባቸዋል፤ ከታጠቡ በኋላ የጣቶቹ መሐል በደንብ ይደርቅ። ፊት፣ ክንድና እግር ላብ ብቻ ከሆነ ያለባቸው ለብ ያለ ውሃ ይበቃቸዋል።

አክስቴ የልብስ ሳሙናውን ወደ ልብሱ መለሰችው። በሦስተኛው ሳምንት ስሄድ ፊቷን በውሃ ብቻ ታጥባ፣ እርጥብ እንዳለ ቫዝሊን በጣቷ እየነካካች መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። «ና እስቲ ንካው» አለችኝ፣ ጉንጯን አዙራ።