የላይ ቀስቱን ሲጫኑ ለምን ዝባዝንኬ ይወጣል?

በፓይተን የጻፋችሁት ፕሮግራም ከተርሚናል ትእዛዝ ይቀበላል እንበል። ተጠቃሚው ያለፈውን ትእዛዝ ለመመለስ የላይ ቀስቱን ሲጫን የቅንፍና የፊደል ቅልቅል ይወጣበታል። ተርሚናሉ ቀስቱን የሚልከው በተከታታይ ምልክቶች ነው፤ የሚተረጉማቸው ከሌለ እንዳሉ ይታያሉ።

በሊኑክስና በማክ መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ «ኢምፖርት ሪድላይን»። ከዚያ በኋላ «ኢንፑት» የተባለው ፈንክሽን ቀስቶችን ያውቃል። ኮንትሮል ኤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ፣ ኮንትሮል ኢ ወደ መጨረሻው ይወስዳል።

የተጻፉት ትእዛዞች ታሪክ ግን ፕሮግራሙ ሲዘጋ ይጠፋል። እንዲቆይ ከፈለጋችሁ፦

1. ሲከፈት የታሪኩን ፋይል በ«ሪድ_ሂስትሪ_ፋይል» አንብቡ። መጀመሪያ ቀን ፋይሉ ስለማይኖር ስህተቱን በ«ትራይ» እና «ኤክሴፕት» ያዙት።
2. በ«ሴት_ሂስትሪ_ሌንግዝ» ገደብ አብጁለት፤ ለምሳሌ 1000 መስመር። ያለዚያ ፋይሉ ማደጉን አያቆምም።
3. ሲዘጋ እንዲጻፍ «ራይት_ሂስትሪ_ፋይል»ን በ«አትኤግዚት» አስመዝግቡ። ፕሮግራሙ በግድ ከተገደለ ግን ይህ አይሠራም።

ጥንቃቄ፦ በ«ኢንፑት» የተቀበላችሁት የይለፍ ቃል ታሪኩ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ፋይሉ ላይ ግልጽ ሆኖ ይቀመጣል። ለይለፍ ቃል «ጌትፓስ»ን ተጠቀሙ።

ዊንዶውስ ላይ ሪድላይን ከፓይተን ጋር አይመጣም፤ «ፕሮምፕት ቱልኪት» የተባለው ላይብረሪ ግን በሁሉም ላይ ይሠራል። ኮዱን መንካት የማትችሉት ፕሮግራም ከሆነ፣ ሊኑክስ ላይ ከስሙ በፊት «አርኤልራፕ» ብላችሁ አስነሡት።

ተጠቃሚዎቻችሁን ረጅም ትእዛዝ ደጋግመው ከመጻፍ አድኗቸው።